ያረጀ አውቶሞቢል እሳት እንቢ ባለ ጊዜ ሽቦውን በተራ ስለ መመርመር

በዳሞታ ተራራ ግርጌ የሚኖር ገበሬ ከምንጭ ውሃ በቦይ ስቦ አትክልቱን ያጠጣል እንበል። አንድ ቀን ውሃው ሳይደርስ ቢቀር፥ አስተዋይ የሆነ ሰው ሌላ ምንጭ ልቆፍር ብሎ አይነሣም። ዶማውን ይዞ ከምንጩ ይጀምርና ቦዩን እየተከተለ ይወርዳል። እስከዚህ ውሃ አለ፤ ከዚህ ወዲያ ግን የለም የሚያሰኝ አንድ ስፍራ ያገኛል። ብልሽቱም በዚያ ነው። ድንጋይ ዘግቶት እንደ ሆነ ድንጋዩን ያነሣል፤ ዳሩ ተንዶ እንደ ሆነ ዳሩን ያበጃል፤ ውሃውም መንገዱን ይቀጥላል።

በአውቶሞቢል ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ኀይልም እንዲሁ ነው። ምንጭ አለው፥ ቦይ አለው፥ መድረሻም አለው። ስለዚህ መኪና እሳት እንቢ ባለ ጊዜ ምርመራው ከምንጩ ተነሥቶ በተራ ሲሄድ ይቀናል፤ በግምት ሲሆን ግን ጊዜንና ገንዘብን ያጠፋል፤ አንዳንድ ጊዜም ከዚህ የከበደ ነገር ያጠፋል። የዚህ ትምህርት ሐሳብ ይህ ነው።

የትምህርቱ ጥቅም

ወላይታ ሶዶ ከሻሸመኔ፥ ከሆሳዕና፥ ከአርባ ምንጭና ከጎፋ የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከየገጠሩ እህል ወደ ገበያ፥ ሕመምተኛም ወደ ሐኪም ቤት የሚደርሰው በብዙ ስፍራ በመኪና ነው። ከነዚህም መኪናዎች መካከል ዕድሜያቸው ከነጂያቸው ዕድሜ የሚበልጥ ይገኛሉ።

እንግዲህ አንባቢ ይህን ነገር በልቡ ያስብ። ምጥ የያዛት አንዲት ሴት ከሁምቦ ወገን በሌሊት ወደ ሶዶ፥ ወደ ኦቶና ሆስፒታል፥ በአሮጌ መኪና ትወሰዳለች። ዳገቱ ላይ ሞተሩ በድንገት ይጠፋል። ነጂው ይቸኩላል፤ መቸኮሉም አያስወቅሰውም። አስቀድሞ አራቱን ካንዴላ ፈትቶ ይጠርጋል፤ መኪናው አይነሣም። ቀጥሎ ቤንዚን አልደረሰው ይሆናል ብሎ የቤንዚኑን ቧንቧ ይፈታል፤ ቤንዚኑ ግን ደህና ነው። በመጨረሻ ቁልፉን ደጋግሞ ሲያዞር የሞተሪኖው ድምፅ እየደከመ ይሄድና ዝም ይላል። በዚህ ጊዜ አንድ በሽታ የነበረበት መኪና ሁለት በሽታ ያዘው፤ ባትሪውም አልቋልና። ሴቲቱም በቃሬዛ፥ በሰው ትከሻ፥ ዳገቱን ትወጣለች። ሲነጋ ነገሩ ቢታይ ከቁልፉ ወደ ኮይል የሚሄደው አንድ ቀጭን ሽቦ ከጫፉ ተንሸራቶ ወጥቶ ተገኘ። “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” የሚለው የአባቶች ቃል እንዲህ ባለው ነገር ይፈጸማል።

ስለ እሳቱ መንገድና ስለ ክፍሎቹ

ይህ ትምህርት በቤንዚን ስለሚሠራና ፑንቲና ስላለው አሮጌ መኪና ነው። በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ናፍጣውን የሚያቃጥለው አየሩን እጅግ አጥብቆ በመጭመቅ ስለ ሆነ፥ ካንዴላም የእሳት ብልጭታም አያስፈልገውም።

የእሳቱ መንገድ ሁለት ነው፤ አንደኛው የታናሹ ኀይል መንገድ፥ ሁለተኛው የታላቁ ኀይል መንገድ ይባል።

የታናሹ ኀይል መንገድ ከባትሪ ይነሣል። በብዙዎቹ መኪናዎች የባትሪው ኀይል 12 ቮልት ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት በተሠሩ ብዙ ቮልስዋገኖች ግን 6 ቮልት ነበረ። ኀይሉ ከባትሪው ወደ ቁልፉ፥ ከቁልፉ ወደ ኮይሉ መግቢያ፥ ከኮይሉ መውጫ ወደ ፑንቲና ይሄዳል። ፑንቲናው ሲገጥም ኀይሉ ወደ መኪናው ብረት ያልፍና በብረቱ በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። ሽቦ ባይኖርም የመኪናው ብረት ራሱ የመመለሻ መንገድ መሆኑን ልብ ማድረግ ይገባል። ብዙ ሰዎች የሚስቱት በዚህ ነው፤ መሄጃውን ይመረምራሉ፥ መመለሻውን ይረሳሉ።

የታላቁ ኀይል መንገድ ከኮይሉ ራስ ላይ ይነሣል። በወፍራም ሽቦ ወደ አከፋፋዩ፥ ማለት ዲስትሪቢዩተር ወደሚባለው ክዳን ይገባል። በክዳኑ ውስጥ የሚዞረው እጅ ኀይሉን ለየካንዴላው በተራ ያድላል። በካንዴላውም ጫፍ ብልጭታ ሆኖ በሲሊንደሩ ውስጥ የቤንዚኑንና የአየሩን ድብልቅ ያቃጥላል።

12 ቮልት የነበረው ከ20000 ቮልት የሚደርሰው እንዴት ነው የሚል ጠያቂ ቢኖር፥ መልሱ በኮይሉ ውስጥ ነው። በኮይሉ ውስጥ ሁለት ጥቅል የመዳብ ሽቦ አለ። አንደኛው ወፈር ያለ ሆኖ ጥቂት መቶ ዙር የተጠቀለለ ነው፤ ሁለተኛው እጅግ ቀጭን ሆኖ ብዙ ሺህ ዙር የተጠቀለለ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1831 ማይክል ፋራዴይ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ፥ የማግኔት ኀይል በተለወጠ ጊዜ በአጠገቡ ባለው ሽቦ የኤሌክትሪክ ኀይል እንዲወለድ ገለጠ። ፑንቲናው ሲገጥም ወፍራሙ ጥቅል ማግኔት ይሆናል፤ ፑንቲናው በድንገት ሲከፈት ማግኔቱ ይፈርሳል፤ በዚያም ቅጽበት በቀጭኑ ጥቅል ታላቅ ኀይል ይወለዳል። ስለዚህ ብልጭታው የሚመጣው ፑንቲናው ሲከፈት እንጂ ሲገጥም አይደለም። ከፑንቲናው ጋር የታሰረው ኮንደንሰር የተባለው ትንሽ ዕቃ ደግሞ ኀይሉ በፑንቲናው ጫፍ ላይ ዘሎ እንዳያቃጥለውና ማግኔቱ ፈጥኖ እንዲፈርስ ያደርጋል።

የፑንቲና ሥራ ምን ያህል እንደ ሆነ በቍጥር ይታወቃል። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር፥ ፑንቲናው በደቂቃ 6000 ጊዜ፥ ማለት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይከፈታል። እንዲህ የሚደክም ዕቃ ቢያልቅ አያስደንቅም።

አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1900 ዓ.ም. ነው። ባትሪ፥ ኮይልና ፑንቲና ያሉበትን ይህን ሥርዓት ቻርለስ ኬተሪንግ የተባለ አሜሪካዊ አሰናድቶት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1910 በካዲላክ መኪና ላይ ዋለ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እየተተካ ሄደ። ካንዴላ፥ ፑንቲናና ሞተሪኖ የሚሉት ስሞች ግን ከጣልያን ቋንቋ ወደ አገራችን ጋራዥ ገብተው እስከ ዛሬ አሉ።

ከምርመራ በፊት ስለሚደረግ ጥንቃቄ

አንደኛ፥ ማርሹ ነጻ ይሁን፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ከጎማው ሥርም ድንጋይ ይደረግ። ሁለተኛ፥ ቤንዚን የፈሰሰበት ወይም የሚሸትበት ስፍራ ብልጭታ አይሞከር። ሦስተኛ፥ የታላቁን ኀይል ሽቦ በባዶ እጅ መያዝ አይገባም፤ ድንጋጤው ክፉ ነው፥ የልብ ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ አደገኛ ነው። አራተኛ፥ ሽቦ ሊፈታ ወይም ሊለወጥ በተፈለገ ጊዜ ከመኪናው ብረት ጋር የተያያዘው የባትሪ ራስ አስቀድሞ ይፈታ። አምስተኛ፥ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ቁልፉ ተከፍቶ ብዙ አይቆይ፤ ፑንቲናው ገጥሞ ቆሞ እንደ ሆነ ኮይሉ ግሎ ይቃጠላልና።

ለምርመራው ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ከባትሪው ቮልት ጋር የሚስማማ ትንሽ የመኪና አምፖል ሁለት ሽቦ ተቀጥሎበት፥ አንድ ደህና ካንዴላ፥ እጀታው በጎማ የተለበጠ ፒንሳና አንድ ካቻቢቴ ይበቃሉ።

የምርመራው ተራ

አንደኛ ፈተና፤ ምንጩን መመርመር። የፊት መብራቱን አብርቶ ሞተሪኖውን ማዞር ነው። መብራቱ የጠፋ ወይም እጅግ የደበዘዘ እንደ ሆነ ባትሪው ደክሟል፥ ወይም የባትሪው ራሶች ዝገዋል፥ አለዚያም ላልተዋል። ራሶቹን ፈትቶ መፋቅና አጥብቆ ማሰር ነው። ከባትሪው ወደ መኪናው ብረትና ወደ ሞተሩ የሚሄደውም ወፍራም ሽቦ ይታይ። ቮልት መለኪያ ያለው ሰው ይህን ይወቅ፤ ሙሉ የሆነ የ12 ቮልት ባትሪ ሥራ ፈትቶ ሳለ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ሞተሪኖው ሲዞር ከ10 ቮልት በታች እጅግ ከወረደ ባትሪው ወይም ማሰሪያው ያስጠረጥራል። ሞተሪኖው በኀይል የሚዞር እንደ ሆነ ግን ምንጩ ደህና ነውና ወደ ሁለተኛው ይለፍ።

ሁለተኛ ፈተና፤ መድረሻውን መመርመር። አንዱን የካንዴላ ሽቦ ነቅሎ በደህናው ካንዴላ ላይ መሰካት፥ የካንዴላውንም ብረት በፒንሳ ይዞ ከሞተሩ ብረት ጋር ማስጠጋት፥ ሌላ ሰውም ሞተሪኖውን እንዲያዞር ማድረግ ነው። ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ቢታይ ኀይሉ እስከዚያ ደርሷልና፥ ብልሽቱ በራሳቸው በካንዴላዎቹ፥ በቤንዚኑ ወይም በእሳቱ ጊዜ አቆጣጠር ይፈለግ። ቀይማና ደካማ ቢሆን ወይም ፈጽሞ ባይታይ ወደ ሦስተኛው ይለፍ።

ሦስተኛ ፈተና፤ የታላቁን ኀይል መንገድ ለሁለት መክፈል። ከኮይሉ ወደ አከፋፋዩ የሚሄደውን ወፍራም ሽቦ ከአከፋፋዩ በኩል ነቅሎ፥ ጫፉን በደህናው ካንዴላ ላይ አድርጎ እንደ ፊተኛው መሞከር ነው። ከኮይሉ ብልጭታ መጥቶ ከካንዴላው ሽቦ ባይመጣ፥ ብልሽቱ በመካከላቸው ነው። ክዳኑ ተሰንጥቆ፥ በውስጡ እንደ እርሳስ ጭረት ያለ ጥቁር መስመር ወጥቶበት፥ የሚዞረው እጅ ተሰብሮ ወይም እርጥበት ገብቶ ይሆናል። ከኮይሉም ብልጭታ ባይመጣ ወደ ታናሹ ኀይል መንገድ መመለስ ነው።

አራተኛ ፈተና፤ የኮይሉ መግቢያ። ቁልፉን ከፍቶ የአምፖሉን አንድ ጫፍ በሞተሩ ንጹሕ ብረት፥ ሌላውን ጫፍ ከቁልፉ በሚመጣው የኮይል መግቢያ ላይ ማድረግ ነው። አምፖሉ ባይበራ ኀይሉ ከኮይሉ አልደረሰም። እንግዲህ ወደ ኋላ ወደ ምንጩ እየተመለሱ፥ በፊውዙና በቁልፉ ጀርባ ላይ አምፖሉን እየነኩ መሄድ ነው። በሚበራበትና በማይበራበት ስፍራ መካከል የተቆረጠው ነገር ይገኛል። የሁምቦው መኪና በሽታ የነበረው በዚህ ስፍራ ነው።

አምስተኛ ፈተና፤ የኮይሉ መውጫ። መግቢያው ላይ የሚበራ እንደ ሆነ፥ አምፖሉን ወደ ፑንቲናው በሚሄደው መውጫ ላይ አድርጎ ሞተሪኖውን ማዞር ነው። አምፖሉ ቢጠፋና ቢበራ፥ ማለት ብልጭ ድርግም ቢል፥ ፑንቲናው ይከፍታል ይገጥማል። ታናሹ መንገድ ሥራውን እየሠራ ነውና ኮንደንሰሩና የኮይሉ ቀጭን ጥቅል ይጠርጠሩ።

አምፖሉ ሳይጠፋ በርቶ ቢቀር ኀይሉ ወደ መኪናው ብረት ማለፍ አልቻለም። ፑንቲናው ቆሽሿል ወይም አይገጥምም፥ ወይም በአከፋፋዩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሽቦ ተቆርጣለች። ይህች ሽቦ ያለማቋረጥ ስለምትወዛወዝ ልባሷ ደህና መስሎ ውስጧ ሊበጠስ ይችላል።

አምፖሉ ፈጽሞ ባይበራ ወደ ፑንቲናው የሚሄደውን ሽቦ ከኮይሉ ፈትቶ እንደ ገና መሞከር ነው። ሽቦው ሲፈታ ከበራ፥ ኮይሉ ደህና ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሽቦ ልባሱ ተልጦ ብረት ነክቷል፥ ወይም ኮንደንሰሩ ሞቷል፥ ወይም ፑንቲናው አይከፈትም። ሽቦው ተፈትቶም ካልበራ የኮይሉ ወፍራም ጥቅል ተቆርጧልና ኮይሉ ይለወጥ።

የፑንቲናው ክፍተት በብዙ መኪና ሙሉ በሙሉ ሲከፈት 0.4 ሚሊሜትር ያህል ነው። መለኪያ ብረት ያልያዘ ሰው በመንገድ ላይ አራት ተራ የደብተር ወረቀት ደርቦ ሊገምተው ይችላል፤ ወደ ከተማ በደረሰ ጊዜ ግን የመኪናው መጽሐፍ በሚያዘው ልክ ያስተካክለው።

ምልክቱ ልዩ ስለሆነ ብልሽት

በዝናብ ወራትና በጭጋግ ማለዳ ብቻ እንቢ የሚል መኪና፥ ብዙ ጊዜ በሽታው የታላቁ ኀይል ሽቦዎችና የአከፋፋዩ ክዳን እርጥበት ነው። ክዳኑን አውጥቶ ከውስጥም ከውጭም በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ነው። በጨለማ ኮፈኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲሠራ በሽቦዎቹ ላይ ትንንሽ ብልጭታ ቢታይ ልባሳቸው አርጅቷል።

ሲግል የሚጠፋ፥ ሲበርድ የሚነሣ መኪና ኮይሉ ወይም ኮንደንሰሩ ይጠርጠር፤ ብልጭታውም መኪናው ግሎ በጠፋበት ሰዓት ይፈተን እንጂ ከበረደ በኋላ አይፈተን።

ሞተሪኖው ሲዞር የሚነሣ፥ ቁልፉ ሲለቀቅ ወዲያው የሚጠፋ መኪና ደግሞ አለ። በአንዳንድ መኪና ኀይሉ በሚነሣበት ጊዜ በአንድ መንገድ፥ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ግን ኀይሉን በሚቀንስ ሌላ ሽቦ በኩል ይመጣል። ይህ ሁለተኛው ሽቦ ወይም የቁልፉ ሁለተኛ መገናኛ የተቆረጠ እንደ ሆነ ምልክቱ ይህ ነው።

በኮረኮንች መንገድ ላይ የሚንቀጠቀጥና የሚጠፋ መኪና የላላ ማሰሪያ አለበት። አምፖሉ በኮይሉ መግቢያ ላይ ሳለ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ማወዛወዝ ነው፤ አምፖሉ የሚያጠቅስበት ሽቦ እርሱ ነው።

ሊደረግ ስለማይገባው ነገር

የተቃጠለ ፊውዝ በሲጃራ ወረቀት ብር፥ በምስማር ወይም በሽቦ መተካት ታላቅ ጥፋት ነው። ፊውዝ ሞቶ ሽቦውን የሚያድን ጠባቂ ነውና፥ ጠባቂው ሲወገድ ሽቦው ራሱ ግሎ ልባሱን ያቀጣጥላል፤ በመኪናው ውስጥም ሰው አለ። ቁልፉ ስለ ተበላሸ ከባትሪ ወደ ኮይል በቀጥታ ሽቦ መሳብም ለጭንቅ ሰዓት ብቻ የሚሆን ነገር ነው፤ እንዲህ የተደረገ መኪና ሽቦው ካልተነቀለ በቀር በቁልፍ አይጠፋም፥ አደጋም ቢደርስ ኀይሉ አይቋረጥም። ስለዚህ ሶዶ እንደ ተደረሰ በባለሙያ ይስተካከል።

ሳይመረምሩ ዕቃ መለወጥም “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” እንደ ተባለው ነው። ደህናው ኮይል ወጥቶ አዲሱ ሲገባ ብልሽቱ በቦታው ይቀራል፥ ገንዘቡ ግን ይሄዳል። አዲስ የሆኑና በኮምፒዩተር የሚታዘዙ መኪናዎች ደግሞ በዚህ በአምፖል ምርመራ ሊጎዱ ስለሚችሉ ለሚያውቃቸው ሰው ይተዉ።

መምህሩ በትምህርት ቤት ስለሚያሳየው

መኪና በሌለበት መንደርም ይህን ትምህርት ማስተማር ይቻላል። መምህሩ ሁለት የእጅ ባትሪ ድንጋይ፥ አንድ የእጅ ባትሪ አምፖልና አራት ቁራጭ ሽቦ ያሰናዳ። ሽቦዎቹን ቀጣጥሎ አምፖሉን ያብራ። ተማሮቹ ሳያዩ ከማያያዣዎቹ በአንዱ ቁራጭ ወረቀት ያግባና አምፖሉ ይጥፋ። ከዚያም አንዱን ተማሪ ጠርቶ ብልሽቱ ወዴት እንደ ሆነ ይጠይቀው። ተማሪው በግምት ቢመልስ መምህሩ እሺ አይበል፤ ሁለተኛ አምፖል ይስጠውና ከድንጋዩ ጀምሮ በተራ እየነካ እንዲሄድ ያድርገው። ፊደል ያልለየ ልጅ ዳዊት እንዲደግም እንደማይደረግ፥ ምንጩን ያልመረመረም መድረሻውን እንዳይወቅስ ተማሪው በዚህ ይማራል።

ሽማግሎችም የሚረዱት ነገር አለ። መኪና በመንገድ በቆመ ጊዜ ሕዝቡ ተሰብስቦ “ግፋ! አስነሣ!” ሲል ነጂው ልቡ ይጠፋል፥ ባትሪውንም ይጨርሳል። ሰው ሁሉ ጥቂት ጊዜ ዝም እንዲልለት፥ መብራት የያዘ አንድ ሰው ብቻ በአጠገቡ እንዲቆም የሽማግሌ ቃል ያስፈልጋል። የሁምቦው ነጂ አምስቱን ፈተና በተራ አድርጎ ቢሆን ኖሮ፥ አራተኛው ላይ አምፖሉ ሳይበራለት ይቀር ነበር፤ የወጣችውንም ሽቦ በጣቱ መልሶ ይሰካ ነበር። ይህ ሁሉ አንድ ማሰሮ ቡና እስኪፈላ ድረስ እንኳ አይፈጅም። ሴቲቱም ዳገቱን በመኪና በወጣች ነበር።

ለተማሮች የሚቀርብ ጥያቄ

1. የኤሌክትሪክ ኀይል ከካንዴላው ወደ ባትሪው የሚመለሰው በምን በኩል ነው?

2. ብልጭታው የሚወለደው ፑንቲናው ሲገጥም ነው ወይስ ሲከፈት? ስለ ምን?

3. ከኮይሉ ብልጭታ ቢመጣ፥ ከካንዴላው ሽቦ ግን ባይመጣ ብልሽቱ ወዴት ይፈለጋል?

4. አምፖሉ በኮይሉ መግቢያ ሲበራ በመውጫው ፈጽሞ ባይበራ ቀጥሎ ምን ይደረጋል?

5. ፊውዝን በሽቦ መተካት ስለ ምን ክፉ ሆነ?